ሁለት ዓመት በነጭ ሸሚዝ፦ ስለ ሚስዮናዊነት የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ነጭ ሸሚዝና ክራባት ያደረጉ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ባጅ የለጠፉ ሁለት ወጣቶች መንገድ ላይ አይታችሁ ይሆናል። የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተክርስቲያን ሚስዮናውያን ናቸው፤ ሰው «ሞርሞኖቹ» ይላቸዋል። እኔም አንዱ ነበርኩ። ያደግኩት አሜሪካ፣ ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ኦርቶዶክስ የሆነችው እናቴ ከአዲስ አበባ ይዛኝ ስትሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በ16 ዓመቴ በዚህች ቤተክርስቲያን ተጠመቅኩ። በ19 ዓመቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መሆኑ ነው፣ ለሁለት ዓመት መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ጓቲማላ ለሚስዮናዊነት ሄድኩ። ስለዚያ ጊዜ የሚጠይቀኝ የሀበሻ ወዳጅ ብዙ ስለሆነ «ያሻችሁን ጠይቁኝ» አልኩ። ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ጓቲማላን የመረጥከው አንተ ነህ?

መልስ፦ አገር አይመረጥም። ማመልከቻ ታስገባለህ፤ የሐኪምም የጥርስ ሐኪምም ወረቀት ይጠየቃል። ከዚያ መጠበቅ ነው። የት እንደምትሄድ የሚወስኑት የቤተክርስቲያኗ መሪዎች ናቸው። አሁን መልሱ በኢንተርኔት ይመጣል። በእኔ ጊዜ ግን በትልቅ ነጭ ፖስታ ነበር። ሳሎን ውስጥ ዘመድ ጓደኛ ተሰብስቦ ከፈትኩት። «ጓቲማላ፣ ኬትሳልቴናንጎ፣ በስፓኒሽ ቋንቋ» ይላል። እናቴ «እሱ ደግሞ የት ነው?» አለች። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። «ተራራ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው» አላት። «እንደ አዲስ አበባ ነዋ! ብርድ ነው በለኛ» አለች። ወዲያው ስለ ሹራብ ማውራት ጀመረች። ያን ጊዜ እንደፈቀደችልኝ ገባኝ።

ጥያቄ፦ ደሞዛችሁ ዳጎስ ያለ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ደሞዝ የለም። ከፋዩ ራሱ ሚስዮናዊው ወይም ቤተሰቡ ነው። በእኔ ጊዜ ከአሜሪካ የሚሄድ ልጅ በወር 400 ዶላር ያዋጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ 500 ሆኗል። ውድ አገር የደረሰውም ርካሽ አገር የደረሰውም እኩል ነው የሚከፍለው። የእኔ በ24 ወር 9,600 ዶላር መጣ። አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየጫንኩ አጠራቀምኩ። የጎደለውን የአጥቢያችን ሰዎች ሞሉልኝ። እዚያ ስትደርስ ለምግብና ለትራንስፖርት ትንሽ ገንዘብ በካርድ ይሰጥሃል። ወሩ መጨረሻ ላይ ባቄላና እንቁላል ብቻ የበላንበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ እስቲ አንዱን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ንገረን።

መልስ፦ ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ከአልጋ መውረድ ነው። ኬትሳልቴናንጎ ጠዋት ጠዋት ትቀዘቅዛለች። እኛ የተከራየነው ቤት ደግሞ ማሞቂያ የለውም። ተንበርክከን እንጸልያለን። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ስፖርት። እኛ ጣሪያው ላይ ወጥተን ገመድ እንዘል ነበር። ሰውነት መታጠብ፣ ቁርስ፣ ከዚያ ጥናት። አንድ ሰዓት ለብቻ፣ አንድ ሰዓት አብሮህ ከተመደበው ጓደኛህ ጋር፣ ከዚያ ቋንቋ። ዩታ ውስጥ ፕሮቮ በሚገኘው ማሠልጠኛ ስድስት ሳምንት ስፓኒሽ ተምሬ ነበር። ጓቲማላ ስደርስ ግን ሰው የሚለው አንድም አልገባኝም። ሽማግሌዎቹማ ስፓኒሹንም ብዙ አይናገሩትም፤ ቋንቋቸው ኪቼ የሚባለው የማያ ሕዝብ ቋንቋ ነው። «ማልቲዮሽ»፣ ማለትም «አመሰግናለሁ»፣ በኪቼ የተማርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው። እሱን ስትል ፊታቸው ይበራል።

ረፋዱ ላይ እንወጣለን። ቀኑን ሙሉ በር ማንኳኳት የሚመስለው ሰው አለ። እውነቱ፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በመሄድ ነው። ቀጠሮ ያለበት ቤት ትሄዳለህ፣ ሰውየው የለም። ሌላ ቤት ትሄዳለህ። ከተገኙ ቁጭ ብለን ከመጽሐፍ ቅዱስና ቤተክርስቲያናችን ከእሱ ጋር እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ከምትቀበለው ከመጽሐፈ ሞርሞን እናስተምራለን፤ አብረን እንጸልያለን። በመካከሉ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ካገኘን ክራባታችንን ትከሻችን ላይ ጥለን እናግዛለን። በሳምንት አንድ ማታ በነፃ እንግሊዝኛ እናስተምር ነበር። ምሳ የአጥቢያው እናቶች ቤት ነው፤ ትኩስ ቶርቲያ፣ የበቆሎ ቂጣ ማለት ነው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀርባል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው። ጫማዬን ሁለት ጊዜ ሶል አስቀይሬያለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቤት እንገባለን፣ የነገውን እናቅዳለን፣ አራት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል።

ሰኞ የእረፍት ቀናችን ነበር። «ፒ ዴይ» እንለዋለን፤ የዝግጅት ቀን ማለት ነው። እረፍት ይባል እንጂ ልብስ የሚታጠበው፣ ገበያ የሚኬደው፣ ፀጉር የሚቆረጠው ያን ቀን ነው። ፒላ የሚባል የሲሚንቶ ገንዳ ላይ ነጭ ሸሚዝ በእጅ ማጠብ እዚያ ተማርኩ። አንገትጌው ግን መቼም አይነጣም።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱት? ቅር ከተባባላችሁስ?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል፤ ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነበርና። ጓደኛህን አንተ አትመርጥም። የሚመድባችሁ የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት፣ ማለትም የአካባቢውን ሚስዮናውያን የሚመራው ሰው፣ ነው። ከሻወርና ከመጸዳጃ ቤት በቀር አትለያዩም። በየስድስት ሳምንቱ የዝውውር ወሬ ይመጣል፤ ወይ አንዱ ይሄዳል ወይ አብራችሁ ትቀጥላላችሁ።

የመጀመሪያው ጓደኛዬ አይዳሆ ከሚባለው የአሜሪካ ግዛት የመጣ የገበሬ ልጅ ነበር። ቶሎ ቶሎ ይራመዳል። ሁሌም አሥር እርምጃ ይቀድመኛል። እኔ ከኋላው ጀርባውን እያየሁ እከተላለሁ። «ይንቀኛል» ብዬ ደመደምኩ። በመልኬ ይሆን እያልኩ ማታ ማታ እብሰለሰል ነበር። ሦስት ቀን ከአስፈላጊ ነገር በቀር አላወራሁትም።

በሳምንት አንዴ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ቅር ያላችሁን የምትነጋገሩበት ሰዓት አለ። ተራው ሲደርሰኝ አወጣሁት። ፊቱ ቀላ። «አባቴ እርሻ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ሰነፍ ነው የሚባለው። ሳላውቀው ነው» አለኝ። ከዚያ እሱ ደግሞ «አንተ በጥናት ሰዓት በራስህ ቋንቋ ታንጎራጉራለህ፣ ማንበብ አልቻልኩም» አለኝ። እንደማንጎራጉር ፈጽሞ አላውቅም ነበር። በነጋታው በግራዬ በኩል ሆኖ፣ እግሩን እየቆጠበ፣ ከእኔ እኩል ሄደ። እንደተጨነቀበት ያስታውቅ ነበር። ከወር በኋላ ሆዴን አሞኝ ሌሊቱን ሙሉ ስመላለስ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጦ አደረ። ዛሬም ወንድሜ ነው።

ጥያቄ፦ ቡና አትጠጡም አሉ። ሀበሻ ሆነህ?

መልስ፦ ቡና፣ ሻይ ቅጠል፣ አልኮልና ትምባሆ አንጠቀምም። ጓቲማላ ደግሞ የቡና አገር ናት። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ቤት ገባን። ቶርቲያ በሚጋገርበት ምጣድ ላይ ቡና እየቆሉ ነበር። ጭሱ ፊቴን ሲነካው የእናቴን ቤት አመጣብኝ፤ እንባዬ መጣ። ሴትየዋ በሲኒ ቀድተው ሰጡኝ። የእናት እጅ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። እንደማልጠጣ በትሕትና ነገርኳቸው። አልተቀየሙም፤ የበቆሎ አጥሚት አሙቀው ሰጡኝ። አሁንም እናቴ ቡና ስታፈላ ከአቦል እስከ በረካ አብሬያት እቀመጣለሁ። ፈንዲሻው የእኔ ነው።

ጥያቄ፦ እናትህ ኦርቶዶክስ ናት ብለሃል። እንዴት ፈቀደችልህ?

መልስ፦ አልወደደችውም። አልዋሽም። ስጠመቅ ገና 16 ዓመቴ ስለነበር የወላጅ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱን ሁለት ሳምንት ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ሥር አስቀምጣ ከረመች። ከዚያ ፈረመች። እስከ ዛሬ ትጾማለች፣ ታስቀድሳለች። እኔም አከብራታለሁ።

የከበዳት ድምፄን አለመስማቷ ነው። በእኔ ጊዜ በሳምንት አንዴ ኢሜይል ይጻፋል፤ በድምፅ የሚገናኙት ግን በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነበር፣ በገናና በእናቶች ቀን። የመጀመሪያው ዲሴምበር 25 ደረሰና በስካይፕ ደወልኩ። «እማ፣ እንኳን ለገና አደረሰሽ!» አልኳት። «ኧረ ልጄ፣ ገና እኮ ገና ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእሷ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። አማርኛዬ መሀል ስፓኒሽ እየገባ ያስቸግረኝ ነበር። እሷ ደግሞ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ትበላለህ? ትበላለህ ወይ?» እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2019 ጀምሮ በየሳምንቱ ቤተሰብ ጋር መደወል ተፈቅዷል። እኔ ከተመለስኩ በኋላ መሆኑ ነው። ለእናቶች ሁሉ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው አስጠመቅክ? ኮታ አለባችሁ?

መልስ፦ ኮታ የለም። ግን በየሳምንቱ ስንት ሰው እንዳስተማርን ሪፖርት እናደርግ ነበር። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ልብ ይሰብራል። አራት ወር ሙሉ አንድም ሰው ያልተጠመቀበት ሰፈር ኖሬያለሁ። ጠቅላላውን ግን አልናገርም። ሰዎቹ ቁጥር አይደሉም።

ጥያቄ፦ ብዙ ሚስት ማግባት አሁንም አለ?

መልስ፦ የለም። ቤተክርስቲያኗ እ.ኤ.አ. በ1890 አቁማዋለች። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ አባል ይወገዳል። «ሞርሞን» የሚለውንም ስም በጊዜው የቤተክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት የነበሩት ራስል ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ2018 እንድንተወው ጠይቀዋል። ሙሉ ስሟ የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተክርስቲያን ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ ይሄዳሉ? ፍቅር መጀመርስ ይቻላል?

መልስ፦ ይሄዳሉ፤ ለ18 ወር። «እህት» ይባላሉ። ወንዱ «ኤልደር» ነው። እናቴ ትርጉሙን ስትጠይቀኝ «ሽማግሌ» አልኳት። «በ19 ዓመትህ!» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ፍቅር መጀመር ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ አቋርጦ የሚመለስ አለ?

መልስ፦ አለ። በሕመም፣ በጭንቀት፣ በቤተሰብ ጉዳይ። ከእኔ ጋር ከነበሩት አንዱ በስድስተኛው ወር ተመለሰ። እንቅልፍ አጥቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ኤርፖርት ስንሸኘው ያሳሰበው ሕመሙ አልነበረም። «ሰው ምን ይለኛል?» ነበር ያለኝ። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ስታገኙ «ለምን ተመለስክ?» አትበሉት። «እንኳን ደህና መጣህ» በሉት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ያ ልጅ የሠራው ስድስት ወር ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። የእኔም ልጅ ማመልከቻ አስገብቷል። ምን አዘጋጅለት?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት። መጀመሪያ ጫማ። ሁለት ጥንድ ጠንካራ የቆዳ ጫማ፣ ተጫምቶ ያለማመደው ይሁን። ሁለተኛ፣ ከአሁኑ ልብሱን ራሱ ይጠብ፣ ሽሮም ይሥራ። እርስዎ እየሠሩለት ከሄደ ይቸገራል። በርበሬና ሽሮ በትንሽ በትንሹ ያስይዙት፤ የሚሄድበት አገር የሚያስገባ ከሆነ። በአማርኛ የታተመው መጽሐፈ ሞርሞንም አይለየው፤ በውጭ ቋንቋ ሲያስተምሩ ውለው ማታ በራስ ቋንቋ መጸለይና ማንበብ ያሳርፋል። ሦስተኛው ትልቁ ነው። ልጆቻችን «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳሉ። በየሳምንቱ ሲደውልልዎ «ደህና ነህ?» ብቻ አይበሉት። «ምን በላህ? ከጓደኛህ ጋር እንዴት ነህ? ትተኛለህ?» ይበሉት። ድምፁ ከተለወጠብዎ ለሚስዮኑ ፕሬዚዳንት እንዲናገር ይንገሩት። መናገር ድክመት እንዳልሆነ ከእናቱ አፍ ይስማው።

ጥያቄ፦ በሬን ሲያንኳኩ ምን ልበላቸው? መስማት አልፈልግም፤ ግን ይሉኝታ ይዞኝ «ሌላ ጊዜ ኑ» እላለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እሱን አታድርጊ። ይሉኝታችንን አውቀዋለሁ። ልጆቹ ግን አያውቁትም። «ሐሙስ አሥር ሰዓት» ካልሻቸው ማስታወሻቸው ላይ ይጽፉታል። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ፣ ዝናብም ቢሆን፣ በርሽ ላይ ይቆማሉ። አንቺ ደግሞ መጋረጃ ጀርባ ትሆኛለሽ። እኔ እንዲህ ቆሜ አውቃለሁ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስም ይታያል። «አመሰግናለሁ፣ የራሴ እምነት አለኝ፣ አልፈልግም» በያቸው። አይከፋቸውም፤ ቀኑ ይተርፍላቸዋል። ፀሐይ ከሆነ ግን አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጪያቸው።