ተገልብጦ የሚቃና ካታማራን ይኖራል?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር 8 ሜትር የሚረዝም የሸራ ካታማራን፣ ማለትም ሁለት ቀፎ (የጀልባ አካል) ጎን ለጎን የተጣመሩበት ጀልባ፣ ልንሠራ አስበናል። ሁሉን ጨርሰን ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ማዕበል ቢገለብጠው ተመልሶ ይቃናል፣ ካታማራን ግን በጀርባው እንደተኛ ይቀራል አለችኝ። ራሱን እንዲያቃና አድርጎ መንደፍ አይቻልም? ምን ብዬ ላሳምናት?»

ለማሳመን አትቸኩል፣ ልክ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ አንድ ቀፎው የሸራ ጀልባ ከሆዱ በታች እርሳስ ተሸክሟል (ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ የሚጻፍበትን አይደለም)። ሲያጋድል እርሳሱ ይመልሰዋል። ቢገለበጥም ያ ሁሉ ክብደት ከላይ ተሰቅሎ ስለማይረጋ አንድ ማዕበል ገፋ ሲያደርገው ይዞራል። ካታማራን ግን እርሳስ የለውም፤ የሚቆመው እግሩን አንፈራጦ ነው። ጠረጴዛ አስብ። በእግሩ ሲቆም የማይነቃነቅ ጠረጴዛ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ቢገለበጥም አይነቃነቅም፣ እንዲያውም ይብስበታል። ካታማራንም እንደዚያው ነው፤ የሚያኮራው ስፋቱ ሲገለበጥ ጠላቱ ይሆናል።

ራስን ማቃናት ራሱ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1789 እንግሊዝ ውስጥ ሳውዝ ሺልድስ ላይ አንድ መርከብ ወደቡ አፍ ላይ ተሰባብሮ መርከበኞቹ ዳር ቆሞ በሚያያቸው ሕዝብ ፊት አለቁ። ከዚያ በኋላ የነፍስ አድን ጀልባ ንድፍ ውድድር ወጣ። ዊሊያም ዉድሃቭ የሚባል ሰው ቢገለብጡት የሚቃና ሞዴል ይዞ ቀረበ። እንደሚተረከው ሐሳቡ የመጣለት ውሃ ልትቀዳ የመጣች ሴት ዘንድ የእንጨት ዕቃ ስባሪ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ አይቶ ነው፤ እንዴትም አድርጎ ቢገለብጣት ተመልሳ ትቃናለች። እኛ አገር ቢሆን የቅል ስባሪ ትሆን ነበር።

ዛሬም ትልልቆቹ የእንግሊዝ ነፍስ አድን ጀልባዎች የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው። ከባዱ ሞተር ከታች፣ ውሃ የማያስገባ አየር የሞላው ክፍል ከላይ። ሲገለበጥ ክፍሉ እንደ ኳስ ሽቅብ ይገፋል፣ ሞተሩ ቁልቁል ይስባል፣ ጀልባው ይዞራል። ታዲያ ለምን ካታማራን ላይ አናደርገውም? ይቻላል። ቀፎዎቹን አቀራርበህ ላያቸው ላይ ከፍ ያለ የታሸገ ክፍል ብትሠራ ይቃናል። ግን ካታማራን የፈለግከው ለስፋቱ ነው። አጥብበህ ከፍ ካደረግከው የሠራኸው ባሕር ላይ የሚሄድ ሚኒባስ ነው፣ ያውም ቶሎ የሚገለበጥ።

ስለዚህ እኔ የምልህ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ የሚቃና አትፈልግ። በጎኑ ተኝቶ እዚያው የሚቆም ፈልግ። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

በቁጥር እናስላው። ጀልባህ ከነጭነቱ 2 ቶን ይመዝን እንበል፣ በሁለቱ ቀፎዎች መሐል ያለው ርቀት 4 ሜትር ይሁን። አንዱ ቀፎ ከውሃ ሊነሳ ሲል የሚይዘው ኃይል 2 ቶን ሲባዛ በ2 ሜትር፣ ማለትም 4 ቶን-ሜትር ነው። ከዚህ በላይ የለውም። በጀርባው ከተኛ በኋላ ልታነሳው ብትሞክር ደግሞ ቢያንስ ያንኑ 4 ቶን-ሜትር ማግኘት አለብህ፣ ውስጡ የገባው ውሃ ሳይቆጠር። ባሕር መሐል ከየት ታመጣዋለህ?

በጎኑ ሲተኛ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የክብደቱ ማዕከል ከታችኛው ቀፎ ወደ ምሰሶው በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢወጣ፣ ወደ ሙሉ መገልበጥ የሚገፋው ኃይል 1.2 ቶን-ሜትር ብቻ ነው። የምሰሶው ጫፍ 11 ሜትር ይርቃል እንበል። 1.2ን ለ11 ስታካፍል 110 ኪሎ ይመጣል። ጫፉ ላይ 110 ሊትር አየር ካለ ጀልባው እዚያው ይቆማል ማለት ነው! ግን በዚህ አትርካ። ነፋሱ በሁለቱ ቀፎዎች መሐል ያለውን ወለል እንደ ሸራ ይገፋዋል፣ ማዕበሉም አለ። 300 ሊትር አድርገው። ኳስ ከሆነ ስፋቱ 83 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባልደረባህ «ያስጠላል!» ይልሃል፣ እውነቱን ነው፣ ያስጠላል። ካልወደደው እንደ ሕይወት አድን ሰደርያ ውሃ ሲነካው በጋዝ የሚነፋ ከረጢት አለ። እሱ ግን በዓመቱ መፈተሽ አለበት፤ ኳስ አይረሳም፣ ሰው ይረሳል። ምሰሶውንም ውሃ እንዳያስገባ አሽገው። ወፍራም የአልሙኒየም ምሰሶ በውስጡ ያለው አየር ብቻውን ከ1.2ቷ ግማሽ ያህሉን ይሸከምልሃል፣ የገመድ ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ እስኪያፈሱ ድረስ።

ከጎኑ ወደ ቀጥታ መመለሱስ? አሁን 1.2 ቶን-ሜትሯን በተቃራኒ በኩል ማግኘት አለብህ። ሁለት ሰው ቢንጠለጠል አይበቃም። ከቀፎዎቹ ሆድ 3 ሜትር የሚወጣ ወጋግራ አስረህ ጫፉ ላይ የውሃ ከረጢት ስቀል፤ ከ400 ሊትር በላይ ከሞላኸው ሚዛኑ ይዞራል። ከረጢቱ ከውሃው በላይ መንጠልጠል አለበት፣ ውሃ ውስጥ የገባ ውሃ አይመዝንምና። ሸራው መጀመሪያ ይውረድ፣ አፍንጫውም ወደ ነፋሱ ይዙር። ይሄን ሁሉ ደግሞ ጸጥ ባለ ሐይቅ ላይ ሳትለማመደው ባሕር ላይ አደርገዋለሁ እንዳትል።

አሁን ባለቤትህን ከማሳመንህ በፊት ይቺን ንገራት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1989 ሮዝ ኖኤል የምትባል ባለ ሦስት ቀፎ ጀልባ ከኒውዚላንድ ወደ ቶንጋ ስትሄድ ማዕበል ገለበጣት። ባለ ሦስት ቀፎም ዕጣው ያው ነው፣ አልተቃናችም። ግን አልሰጠመችም። አራት ሰዎች በተገለበጠችው ጀልባ ውስጥ 119 ቀን ተንሳፍፈው ግሬት ባሪየር ደሴት ላይ በሕይወት ወጡ። ባለ አንድ ቀፎውም ቢሆን ሁልጊዜ አይቃናም። እ.ኤ.አ. በ1997 ደቡብ ውቅያኖስ ላይ የቶኒ ቡሊሞር የውድድር ጀልባ እርሳሷ ተገንጥሎ ተገለበጠች፣ እንደተገለበጠችም ቀረች፤ ሰውየው የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል እስኪደርስ ውስጧ በጨለማ ቆየ።

ስለዚህ ለመገልበጡም ንደፍ። ከተገለበጠ በኋላ ከውሃው በላይ የሚሆን መውጫ መስኮት በየቀፎው ይኑር። ቀፎዎቹ ቢቀደዱም የሚያንሳፍፍ ፎም ይግባ። ሆዱን ደማቅ ብርቱካናማ ቀባው፣ ከሰማይ ይታያል። የአደጋ መጥሪያ መሣሪያውንና የመጠጥ ውሃውን ተገልብጠህ የምትደርስበት ቦታ እሰር።

ከሁሉ በፊት ግን ሸራ ቶሎ መቀነስ። ባለ አንድ ቀፎ እያጋደለ ይነግርሃል። ካታማራን ዝም ብሎ ይሸከምና አንዴ ይገለበጣል። ነፋሱ በ40 ከመቶ ሲጨምር ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ በ24 ኖት (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው) ተመችቶህ ስትሄድ አንድ የ34 ኖት ሽውታ ትመጣለች፣ አለቀ።

«ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሁለት ታንኳ በወጋግራ ብናጣምር ጣና ላይ አይገለበጥም?»

እህቴ፣ ካታማራን የሚለው ቃል እኮ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ነው፣ «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው። ሐሳብሽ ከስሙ ጋር ይገጥማል። መገልበጡ በእርግጥ በጣም ይከብደዋል። ታንኳ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚንሳፈፈው የተሠራበት ደንገል ራሱ ነው፣ ቢገለበጥ ውስጡ ውሃ ሞልቶ አይሰጥምም።

ችግርሽ ሌላ ነው። ሁለቱ ታንኳዎች በተለያየ ሞገድ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ወጋግራውን ይጠመዝዙታል። በሚስማርና በብሎን ግትር አድርገሽ ካሰርሽው ደንገሉን ይበላዋል። በገመድ እሰሪው፣ ትንሽ ይንቀሳቀስ። የፓሲፊክ ደሴት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያስሩት። ደንገል ደግሞ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በየቀኑ ካላደረቅሽው በሳምንታት ውስጥ ስሌትሽ ይበላሻል። ሸራ ካሰብሽ ጣና ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር አካባቢ መሆኑን አትርሺ። ረጅም ምሰሶ ተገልብጦ ጭቃው ላይ ቢሰካ ማን ይነቅለዋል? ምሰሶሽን አሳጥሪው፣ ሰደርያም ልበሺ።

«ሐይፋ ነኝ። ሆቢ 16 በሚባል ትንሽ የሸራ ካታማራን ላይ እየተለማመድኩ ነው። 58 ኪሎ ነኝ፣ ብቻዬን ላቃናው አልቻልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው?»

አይደለም። ጀልባው ወደ 145 ኪሎ ይመዝናል፣ አንተ ቀላል ነህ። በማቃኛ ገመዱ ላይ ስትንጠለጠል ጀርባህ ውሃውን እስኪነካ ተዘርጋ፣ የሸራውን ገመድ ቀድመህ ፍታ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙር። ያም ካልሆነ 40 ሊትር ውሃ የሚይዝ ከረጢት በትከሻህ ተሸከም፣ ወይም ከሁለተኛ ሰው ጋር ውጣ። ምሰሶው ጫፍ ላይ ትንሽ ተንሳፋፊ ስታስር የሚስቁብህ ይኖራሉ። ይሳቁ።