የስኪ ዝላይ ወይስ የስኪ በረራ?

ጥያቄ፦ በስፖርት ዜና አንዱ «የበረዶ ሸርተቴ ዝላይ የዓለም ሻምፒዮና ውድድር» ሲል ሌላው ያንኑ «የስኪ በረራ» ይለዋል። ሰው ዘልሎ ያርፋል እንጂ አይበርም። የትኛውን ልከተል?

መልስ፦ ዜናው የበረራውን ውድድር የሚመለከት ከሆነ በረራ ይበሉ። ሁለቱም ስኪ የሚባሉ ረጃጅም ጣውላዎችን በእግር አስሮ ከተዳፋት ተንደርድሮ ወደ አየር መወርወር ቢሆኑም፣ ዝላዩና በረራው ሁለት ልዩ ልዩ ውድድሮች ናቸውና አንዱን በሌላው ስም መጥራት ዜናውን ያበላሻል። ዝላዩ በክረምት ኦሊምፒክ አለ፤ በረራው ግን ኦሊምፒክ ገብቶ አያውቅም። የራሱ የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1972 ዛሬ በስሎቬኒያ በምትገኘው ፕላኒትሳ ተጀምሮ ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሽታይነር አሸነፈ። የሚካሄደውም መጠናቸው (ከመነሻው ጠርዝ እስከ ማረፊያው መጨረሻ ያለው ርቀት) 185 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆኑ ጥቂት ኮረብታዎች ላይ ብቻ ነው። ስሎቬኖችም፣ ጀርመኖችም፣ ኖርዌጂያኖችም በየቋንቋቸው «በረራ» ነው የሚሉት።

«ክንፍ የሌለው አይበርም» የሚሉ የቋንቋ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ስፖርተኛው ከተዳፋቱ ብዙም ከፍ ስለማይል ነገሩ የረዘመ መውደቅ ነው ይላሉ። አልቀበላቸውም። ስዊድናዊው ያን ቦክሌቭ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስኪዎቹን ከፊት በኩል እንደ V ከፍቶ መሄድን ካሳየ ወዲህ ነፋሱ ከሥር ደግፎ ያቆያቸዋል፤ ስሎቬኒያዊው ዶሜን ፕሬቭትስ እ.ኤ.አ. በ2025 ፕላኒትሳ ላይ 254.5 ሜትር የሄደው ወድቆ አይደለም። አማርኛም ቢሆን ክንፍ ሳይጠይቅ «ልጁ በርሮ መጣ» ይላል።

ግዕዙን ብንጠይቅ ደግሞ ክርክሩ ከሥሩ ይነቀላል። «ሠረረ» በግዕዝ በረረም ነው፤ ዘለለ፣ ተወርውሮ ወጣም ነው። ዳዊት የርግብን ክንፍ ሲመኝ «እሠርር» ያለው በዚሁ ግስ ነው። አባቶች ዝላይንና በረራን በአንድ ግስ ሲያኖሩ አልተቸገሩም። ያ ግስ በአማርኛ ለከብት መሳረር ብቻ ባይቀር ኖሮ «ሥረራ» ብዬ እሟገት ነበር፤ እጅግ የማዝንለት ቃል ነው።

ስፖርተኛው «በራሪ» ይባል፤ ደንበኛ ሣልስ ቅጽል (እንደ «ሪ» ባለ ሦስተኛ ፊደል የሚያልቅ የአድራጊ ስም) ነው። «አብራሪ» የሚሉት ይሳሳታሉ፤ «አ» የገባበት ግስ ሌላ ነገር የሚያስበርር ነው፤ ያ ለአውሮፕላን ሰው ይቆይ።

«ሸርተቴ»ን ግን እወዳለሁ። ከተንሸራተተ የወጣ፣ ሲጠሩት ራሱ የሚንሸራተት ቃል ነው። «ስኪ» በአሮጌው የኖርዌይ ቋንቋ የተሰነጠቀ እንጨት ማለት ነበር፤ የእኛ «ፍልጥ» መሆኑ ነው። በእርግጥ «የበረዶ ሸርተቴ» በጫማ ብረት በግግር በረዶ ላይ የሚንሸራተተውንም ስለሚጠራ ያደናግራል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲወዳደር ግን የሱ ስፖርት በስኪ እየተንሸራተቱ የሚሄዱበት አገር አቋራጭ ስለነበር ሸርተቴው በልኩ ነበር። ለአየሩ ውድድር መንሸራተቱ መንደርደሪያ ብቻ መሆኑን፣ ወጣቱም «ስኪ» ማለትን እንደመረጠ ሳልወድ እቀበላለሁ።

ስለዚህ «የስኪ በረራ የዓለም ሻምፒዮና» ብለው ይጻፉ። «የሻምፒዮና ውድድር» ግን አይበሉ፤ ሻምፒዮናው ራሱ ውድድር ነው።