ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከማዋሃዳችሁ በፊት

በጣና ዙሪያ ባሉ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ዕቅድ ክፍል አዲስ ለገባችሁ ልጆቼ፣

በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነሳው ሐሳብ ሁሌም አንድ ነው፦ «ሁለተኛ ደረጃዎቹን እናዋህዳቸው።» ሐሳቡ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ከ9 እስከ 12 የሚያስተምር ትምህርት ቤት ትንሽም ይሁን ትልቅ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የአይሲቲ መምህር ይፈልጋል። 11ኛ ላይ ተማሪው ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ ሲከፈል ደግሞ አንዳንዱ ክፍል ውስጥ የሚቀሩት ጥቂት ልጆች ናቸው። መምህሩ በሳምንት 8 ክፍለ ጊዜ ያስተምር 20፣ ደመወዙ ያው ነው። የወረዳ ትምህርት በጀት ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ ቶሎ የሚደረስባቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች ይዋሃዱ ብትሉኝ አልከራከራችሁም።

ገጠሩ ላይ ግን ሒሳቡ የሚሠራበት ወር ያሳስበኛል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዕቅዱ የሚጻፈው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። በዚያ ወቅት የፎገራ ሜዳ ደርቋል፣ ጉማራና ርብም ጎድለዋል። ቀበሌውና ከተማው ቅርብ ይመስላሉ። ትምህርት የሚከፈተው ግን መስከረም ነው። ያኔ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቷል፤ ጣናም ወደ ዳር ወጥቷል። የደቅ ደሴት ልጅ ደግሞ መንገዱ ራሱ ሐይቁ ነው። ማዕበል ካለ ጀልባ አይነሳም።

ስለዚህ የቀበሌው ትምህርት ቤት ከከተማው ጋር ሲዋሃድ ልጁ ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ቅዳሜ አገር ቤት ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል፦ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። ዓርብ ጠዋት ዴስክ ላይ ተደፍቶ የምታዩትን ልጅ ሰነፍ ነው ለማለት አትቸኩሉ። የቤት ኪራዩ የሚከፈለው አባትየው በግ ሸጦ ነው። መንግሥት ቆጠበ ያልነው ገንዘብ ከገበሬው ኪስ ወጣ ማለት ነው። እኛ ዕቅድ ላይ ግን ለዚህ ወጪ የተከፈተ ርዕስ የለም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሴት ልጅ ላይ ሲሆን ይብሳል። እናቷ «ልጄን ማን ላይ ጥዬ?» ትላለች። እውነቷን ነው። ልጅቷ 8ኛን ጨርሳ ቤት ትቀራለች፤ ብዙ ሳይቆይ ትዳራለች። በሪፖርታችን ላይ እንኳ «አቋረጠች» አትባልም፣ 9ኛ ክፍል አልተመዘገበችማ! በዚህ ምክንያት ውህደቱ የማቋረጥ ቁጥርን አልጨመረም ብለን በኩራት እንጽፋለን።

መቆጠብ ግድ ከሆነ መጀመሪያ መምህሩን አንቀሳቅሱ፤ ልጁ ባለበት ይቆይ። ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ሊጋሩ ይችላሉ፤ ሰኞና ማክሰኞ እዚህ፣ ከረቡዕ ጀምሮ እዚያ። የትራንስፖርት አበሉ ግን በሰዓቱ ይከፈለው። ያ ካልበቃ 9ኛና 10ኛን እዚያው ትታችሁ 11ኛና 12ኛን ብቻ ሰብስቡ። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ 9ኛና 10ኛ ለብቻቸው፣ መሰናዶ ደግሞ ለብቻው እርከን ስለነበሩ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አሁን ካለው 6-2-4 አደረጃጀት (ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) ጋር ማስማማቱ ሥራ ይጠይቃል። ቢሆንም ልጅ በ15 ዓመቱ ከቤት ከሚወጣ በ17 ቢወጣ ይሻለዋል።

ቃለ ጉባኤው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የ8ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎችን ስም ዝርዝር ያዙ። ጥቅምት ላይ ከ9ኛ ክፍል መዝገብ ጋር ስም በስም አስተያዩት። የጎደለች ካለች ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ እሷንም ወላጆቿንም ጠይቁ። የቁጠባ ሪፖርቱን ከዚያ በኋላ ጻፉ።