በተራራ የሚዘጋ ተረት

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ልጆች እኛ ቤት ይሰበሰቡና ተረት እነግራቸዋለሁ። ሰሞኑን የኢንዶኔዥያ ተረቶችን ጀምሬላቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ሰው ድንጋይ ሲሆን ድንገት ያበቃሉ፤ ልጆቹም «ከዚያስ?» ይሉኛል። አወቃቀራቸው ከእኛ በምን ይለያል? እንዴትስ ብነግራቸው ይሻላል? (አንዲት እናት)

መልስ፦ እህታችን፣ የእኛ ተረት የሚዘጋው በቃል ነው። «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» ብለን እንከፍተዋለን፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ማለቁን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እርስዎ ያነሷቸው ተረቶች ግን የሚዘጉት በቦታ ነው። የአካባቢው ሰው ተራራውን ወይም ቋጥኙን በየቀኑ ስለሚያየው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ጆሮውን ሰጥቶ የሚጠብቀው «እንዴት እዚህ ተደረሰ?» የሚለውን ነው።

በምዕራብ ጃቫ የሚነገረውን የሳንግኩሪያንግን ተረት ይመልከቱ። ልጁ ሳንግኩሪያንግ ውሻው አባቱ መሆኑን ሳያውቅ ይገድለዋል፤ እናቱ ዳያንግ ሱምቢ በንዴት ራሱን ትመታውና ጠባሳ ይዞ ይሰደዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለስ እርጅና ያልነካትን እናቱን ሳያውቃት ያፈቅራል፤ እርሷ ግን ጠባሳውን አይታ ትለየዋለች። ጋብቻውን ለማስቀረት፣ ሳይነጋ ወንዙን ገድቦ ሐይቅ እንዲሠራና ጀልባ እንዲያዘጋጅ ታዘዋለች። ሊጨርስ ሲቃረብ የሸመነችውን ጨርቅ በምሥራቅ በኩል ትዘረጋለች፤ ሰማዩ የነጋ ይመስላል፣ ዶሮም ይጮኻል። እርሱም በቁጣ ጀልባውን በእርግጫ ይገለብጠዋል። ከባንዱንግ ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው እሳተ ገሞራ ታንግኩባን ፐራሁ ይባላል፤ ትርጉሙ «የተገለበጠ ጀልባ» ነው፤ ከሩቅ ሲታይም ያንኑ ይመስላል። በመጀመሪያው ክፍል በዋዛ የተነገረ የመሰለው ጠባሳ መካከሉን ተሸክሞ እንዳቆመው ልብ ይበሉ፤ እኔ ይህን ተረት ከሁሉም አብልጬ የምወደው በዚህ ነው።

የልዕልት ሮሮ ጆንግራንግ ተረትም በዚያው ማጠፊያ ይታጠፋል። ሊያገባት የፈለገው ባንዱንግ ቦንዶዎሶ በአንድ ሌሊት 1000 ቤተ መቅደስ እንዲሠራ ታዝዞ 999 ሲያደርስ፣ ልዕልቲቱ ሴቶችን ቀስቅሳ ሩዝ ታስወቅጣለች፤ ዶሮዎችም ነግቷል ብለው ይጮኻሉ። ልዩነቱ መዝጊያው ላይ ነው፤ በዚህኛው ተታላዩ አታላይቱን የመጨረሻዋ ሐውልት አድርጎ ያስቀራታል፤ የፕራምባናን ቤተ መቅደሶችም የዚያ ሌሊት ሥራ ናቸው ይባላል።

የምዕራብ ሱማትራው ማሊን ኩንዳንግ ግን ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ይሄዳል፣ ይከብራል፣ ይመለሳል፣ ድሃ እናቱን ይክዳል፣ በእርግማኗ ድንጋይ ይሆናል። በዚያው በሚኖረው በሚናንግካባው ሕዝብ ዘንድ ወጣት ወንድ ኑሮ ፍለጋ ከአገሩ ርቆ መሄዱ የቆየ ልማድ ስለሆነ የተረቱ ክብደት ያለው መመለሱ ላይ ነው። የእናት እርግማን ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ለእኛ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግዎትም።

ሁሉም በድንጋይ አያልቁም። ካንቺል የሚባለው ትንሽ የዱር እንስሳ አዞዎቹን «ንጉሡ ልቆጥራችሁ ብሏል» ብሎ ያሰልፍና በጀርባቸው ላይ እየዘለለ ወንዙን ይሻገራል፤ ተረቱም እዚያው ያበቃል። ይህ ከእኛ የጦጢት ብልጠት ጋር በአንድ ምሽት አብሮ ሊነገር ይችላል።

ስለ አነጋገሩ ከጠየቁኝ፣ የሳንግኩሪያንግን የጋብቻ ጉዳይ እንደ ልጆቹ ዕድሜ ይመጥኑት፤ ጠባሳውንና የዶሮውን ጩኸት ግን አይዝለሉ። ጀልባው ሲገለበጥ ዝም ይበሉ፤ ማብራሪያም ምክርም አይጨምሩ። «ከዚያስ?» ካሉዎት፣ ሲነጋ የረር ተራራ ወደሚታይበት በረንዳ ያውጧቸውና እነርሱ ራሳቸው ተረቱን ከተራራው ጀምረው ወደ ኋላ እንዲነግሩዎት ይጠይቋቸው።