አሳዬ የት ገባ? ፊልተር ውስጥና ሌላም ቦታ ስለሚጠፉ አሳዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው አንዷ እህታችን አሳዬ ሬሳው እንኳን ሳይገኝ ጠፋ ስትል ስንቱ ሰው "እኔም እኔም" እንዳለ አይቼ ነው ዛሬ በዚህ ነገር ላይ ብቻ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ያልኩት። አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ አሳ ማርባት ከጀመርኩ 14 አመት ሆኖኛል፣ አሁን 5 አኳሪየም አለኝ፣ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልለምናችሁ፣ አሳው የለም ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት እባካችሁ ፊልተሩን፣ ማለትም የውሃ ማጣሪያውን፣ ክፈቱት።

ጥያቄ፦ ኩሊ ሎች 3 ነበሩኝ አሁን 1 ብቻ ነው የማየው፣ 2 ሳምንት አለፈው። ሞተዋል ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ ገና ነው እህቴ። ኩሊ ሎች ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ውሎ ማታ የሚወጣ አሳ ነው። አገሩ ደቡብ ምስራቅ እስያ ነው፣ እዛ ጫካ ውስጥ ቀስ ብለው በሚሄዱ ጅረቶች ውስጥ የረገፈ ቅጠል ስር ተሸጉጦ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ገላውን በሁሉም በኩል የሆነ ነገር ካልነካው አይረጋጋም። ርዝመቱ 8፣ ቢበዛ 10 ሴንቲሜትር ቢደርስ ነው፣ ውፍረቱ ግን እርሳስ አያክልም። ለሱ የፊልተር ቱቦ ማለት ጠባብ፣ ጨለማ፣ ውሃ የሚንቀሳቀስበት፣ በቃ ያገር ቤቱን የመሰለ ቦታ ነው።

የራሴን ልንገርሽ። አንዱ 4 ወር ጠፋብኝ። ጠጠሩን አገላበጥኩ፣ እንጨቱን አወጣሁ፣ ከካቢኔው ጀርባ መሬት ላይ በባትሪ ፈለግኩ፣ የለም። አንድ እሁድ ካኒስተሩን፣ ያንን ካቢኔ ውስጥ የሚቀመጠውን ባልዲ የመሰለውን ፊልተር፣ ላጥብ ብዬ ከፈትኩት። የላይኛውን ስፖንጅ አነሳሁ፣ ቡና አተላ የመሰለ ጭቃ ነው፣ ሁለተኛውንም አነሳሁ፣ ከዛ የሴራሚክ ቀለበቶቹን ልገለብጥ ስል ከስር አንድ ቢጫና ጥቁር ላስቲክ የመሰለ ነገር ተጠቀለለ። እጄ ደረቀ። ትንሽ ቆይቶ ተፈታና ዋኘ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ቀለሙ ትንሽ ገርጥቷል እንጂ ሆዱ ሙሉ ነው። ያን ቀን እንደ ሌላው ሰው ቧንቧ ስር ይዤው ሄጄ ቢሆን ኖሮ ከነክሎሩ ወደ ፍሳሽ ነበር የሚወርደው፣ አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ ፊልተርሽን ስትከፍቺ ሁሌም ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ የተሞላ ባልዲ አጠገብሽ ይኑር፣ አንድ በአንድ እያነሳሽ እዛ ውስጥ እጠቢ፣ ባልዲውን ከመድፋትሽ በፊት ደግሞ በባትሪ እይው። ካገኘሽው በመረብ አትያዢው፣ ከአይኑ ስር ትንሽ እሾህ ስላለችው መረቡ ላይ ትያዝና ትጎዳዋለች፣ በኩባያ ቅጂው።

ጥያቄ፦ 4 ወር ምን እየበላ ነው ግን? ደግሞስ ፓምፑ እንዴት አልፈጨውም?

መልስ፦ ከላይ የምንሰጠው ምግብ ፍርፋሪው በሙሉ ተስቦ የሚጠራቀመው እዛ ነው፣ ጥቃቅን ትሎችም ይራባሉ፣ ስለዚህ ምግብ ሞልቶለታል። መፈጨቱን በተመለከተ ካኒስተር ላይ ብዙ ጊዜ ኢምፔለሩ፣ ማለትም የሚሽከረከረው ክንፍ፣ ላይ ነው ያለው፣ ውሃው መጀመሪያ ስፖንጁንና ቀለበቱን አልፎ ነው እሱ ጋ የሚደርሰው፣ አሳው ከስር ነው የሚቀረው። ከኋላ የሚንጠለጠለው ፊልተር ግን በአብዛኛው ተቃራኒ ነው፣ ውሃው ቀድሞ በኢምፔለሩ ነው የሚያልፈው፣ እዛ ትልቅ አሳ ከተሳበ ይጎዳል።

እኔ የምፈራው ግን መብራት መጥፋቱን ነው። ፊልተሩ ሲቆም ውስጡ ያለው ባክቴሪያ የቀረችውን ኦክስጅን ይጨርሳታል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፣ ውሃው መያዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዛው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ያሉት ምንም ሳይሆኑ ፊልተር ውስጥ ያለው ቀድሞ ይታፈናል። አሳ ጠፍቶባችሁ መብራት ከሄደ ሳትውሉ ሳታድሩ ክፈቱና እዩ። መብራቱ ለብዙ ሰአት ቆይቶ ሲመጣም ካኒስተሩን ዝም ብላችሁ አታብሩት፣ ውስጡ የታቆረውን ውሃ ደፍታችሁ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ ካለቀለቃችሁት በኋላ ነው፣ አለዚያ ያ የሸተተ ውሃ በሙሉ አሳዎቹ ላይ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ጋፒዬ ወልዳ ልጆቹን ከኋላ ያለው ፊልተር ውስጥ አገኘኋቸው፣ 6 ናቸው። ልመልሳቸው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ! በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ነው ኢምፔለሩን በሰላም ያለፉት፣ ሁሉም ግን አያልፉም። ወደ ትልቁ ከመለስሻቸው እናታቸው ራሷ ትበላቸዋለች፣ ለብቻ ሌላ እቃ ውስጥ አሳድጊያቸው። ፊልተሩ ውሃ የሚስብበትን ቱቦ አፍ ዛሬውኑ በስፖንጅ ሸፍኚው። ስፖንጅ እስክታገኚ ንጹህ ስቶኪንግ በላስቲክ ብታስሪበትም ይሰራል፣ ግን ቶሎ ስለሚደፈን በየ2 ቀኑ እጠቢው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ለልጅ ልጄ የገዛሁለት ፕሌኮ የሚሉት አሳ አኳሪየሙ ውስጥ ያለው ቤተመንግስት የሚመስለው ጌጥ መስኮት ላይ ተቀርቅሮ ይኸው ከትናንት ጀምሮ አልወጣም። ልጁ እያለቀሰ ነው።

መልስ፦ እትዬ አይጨነቁ፣ ብቻ እባክዎ በጅራቱ አይሳቡት። የፕሌኮ የጀርባና የጎን ክንፎቹ አጥንት የመሰለ እሾህ አላቸው፣ ሲደነግጥ ዘርግቶ ይቆልፋቸዋል፣ ወደኋላ ሲሳብ ይባስ ይነክሳል፣ ቆዳውም ይቀደዳል። መጀመሪያ መብራቱን ያጥፉለትና አንድ 2 ሰአት ማንም ሳይነካው ይቆይ፣ ሲረጋጋ ክንፉን አጥፎ ራሱ ሊወጣ ይችላል። እምቢ ካለ ጌጡን ከነአሳው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ ያድርጉትና ሰው ከሩቁ ጠርዝ ጀምሮ በፒንሳ ቀስ እያለ ይስበረው፣ አሳው ጋ ሲደርስ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያድርግበት። ጌጡ ይተካል። ሲገዙም መስኮቱ አሳው ሲያድግም የሚያሳልፈው መሆኑን ይዩ፣ አለዚያ ቀዳዳውን ደፍነው ነው ማስገባት።

ጥያቄ፦ ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ። የኔ የጨው ውሃ ነው፣ ከስር ሳምፕ፣ ማለትም ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ገንዳ፣ አለው። ክላውንፊሽ የሚባለው አሳዬ ሁለቴ ውሃው ሞልቶ ወደ ሳምፑ በሚወርድበት ኦቨርፍሎው ሳጥን ውስጥ ገባብኝ። የማውረጃ ቱቦውን አፍ በወንፊት ብዘጋውስ?

መልስ፦ ቱቦውን እንዳትነካው ወንድሜ! ወንፊቱ ላይ አልጌ ወይም አንድ ቀንድ አውጣ ከተቀመጠ ውሃው መውረጃ ያጣል፣ ከሳምፑ የሚመልሰው ፓምፕ ግን መግፋቱን አያቆምም፣ ጠዋት ስትነሳ ሳሎንህ ጎርፍ ነው። መዝጋት ያለብህ አሳው የሚገባበትን ነው፣ ማበጠሪያ የሚመስለውን የሳጥኑን ጥርስ ከላይ በመረብ ሸፍነው፣ እሱ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ አይደፈንም። አሁን ያለውን ለማውጣት ፓምፑን አጥፋው፣ የሳጥኑ ውሃ ዝቅ ሲል በኩባያ ትደርስበታለህ። ሌላ ጊዜ ከጠፋ ደግሞ ሳምፑ ላይ ያለውን የማጣሪያ ከረጢት ገልብጠህ እይ፣ በቱቦው ወርዶ እዛ በህይወት የሚገኝ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ከጀርባ ድንጋይ የሚመስል የፎም ግድግዳ ለጥፌ ነበር፣ ኤንጅል ፊሼ ከጀርባው ገብታ በአንድ አይኗ ታየኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሲያሳዝን። ውሃውን ቀስ እያልክ ቀንሰው፣ ውሃው ሲወርድ እሷም ወደ ሰፊው ቦታ መውጣት ይቀናታል። ካልወጣች የግድግዳውን አንዱን ጎን በምላጭ ቆርጠህ ክፈት። መልሰህ ስትለጥፍ ዙሪያውን ምንም ክፍተት ሳታስቀር በሲልከን ድፈነው፣ ሲልከኑ ለሻወር ተብሎ የሻጋታ መከላከያ የገባበት መሆን የለበትም፣ እሱ ለአሳ መርዝ ነው። ደርቆ የሆምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ ውሃ እንዳታስገባ፣ ቢያንስ 2 ቀን ስጠው።

ጥያቄ፦ አዋሳ ነኝ። ከሀይቁ ትንሽ አምባዛ አምጥቼ 3 ጊዜ መሬት ላይ አገኘሁት፣ ሁሌም አልሞተም!

መልስ፦ አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ሌላ አካል አለው፣ ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ በጎን ክንፎቹ እየተገፋ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ክዳኑ ላይ ክብደት ጫንበት። ከልቤ የምመክርህ ግን፣ ከ1 ሜትር በላይ የሚያድግ አሳ ነውና አኳሪየም አይሆነውም፣ ከሌሎች አሳዎች ጋር አንድ ላይ ካልቆየና መድሃኒት ካልነካው ገና ሳትዘገይ ወደመጣበት ሀይቅ መልሰው።

ጥያቄ፦ ጠጠር ስር ያለው የድሮው አይነት የፊልተር ሳህን ስር የገባ ሎች አለኝ፣ ይታየኛል ግን አይወጣም።

መልስ፦ በቆመው ቱቦ ነው የገባው፣ ክዳኑ ወልቆ ይሆናል። ሁሉንም ከማፍረስህ በፊት ወጥመድ ሞክር። የሃይላንዱን አንገት ቁረጥና ገልብጠህ መልሰህ ክተተው፣ ጠርዙ ስለት እንዳይሆን በክብሪት ለስልሰው፣ ውስጡ ትንሽ የሚሰምጥ ምግብ አድርግና ማታ ቱቦውን ነቅለህ ቀዳዳው አጠገብ አስተኛው። ጠዋት መብራት ከማብራትህ በፊት እየው። የኔ በ3ኛው ሌሊት ነው የገባልኝ፣ ስለዚህ በአንድ ቀን ተስፋ አትቁረጥ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ፈልጌ ባጣውስ? ውሃው አይበላሽም?

መልስ፦ ትንሽ አሳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኒዮን ቴትራ፣ ቀንድ አውጣና ሌሎቹ አሳዎች በአንድ ሌሊት ጨርሰውት ሊሆን ይችላል፣ ሬሳው አለመገኘቱ አያስገርምም። ትልቅ ከሆነና ከድንጋይ ጀርባ ከሞተ ግን አሞኒያው፣ ሬሳው ሲበሰብስ የሚወጣው መርዝ፣ ከፍ ይላል፣ በተለይ ትንሽ አኳሪየም ላይ። መመርመሪያ ካለሽ ለ1 ሳምንት በየቀኑ ለኪ፣ ከሌለሽ ደግሞ አሳዎቹ ላይ ላዩን አየር ሲስቡ ወይም ስንጥባቸው ሲቀላ ካየሽ ሲሶውን ውሃ ቀይሪ፣ ክሎሩ እንዲወጣ አንድ ቀን ባደረ ውሃ። ከዛ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንሺ፣ ስታነሺ ግን ወደላይ ቀጥ አድርገሽ እንጂ እየጎተትሽ አይሁን፣ ከስር በህይወት ካለ እንዳትጨፈልቂው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከላይ እንዳሉት ካኒስተሬን አሁን ከፈትኩት፣ ኩሊ ሎች ጠፍቶብኝ ነበር... 2 አሉ!! ጠፍቶብኝ የነበረው ግን 1 ነው!

መልስ፦ እልል! ሁለተኛው ትንሽ ነው? እንደ ክር ከቀጠነ እዛው ፊልተር ውስጥ የተፈለፈለ ሊሆን ይችላል፣ እንቁላሉ ወይ ጫጩቱ ተስቦ ገብቶ ማንም ሳይበላው አድጎ ነው። አትቸኩል፣ ፊልተሩን ገጥመህ ውሃ የሚስበውን ቱቦ አፍ በስፖንጅ ሸፍንና ትልቁን መልሰው፣ ትንሹን ለብቻው አቆየው። ቀለበቶቹንም ገና አትድፋቸው፣ ሌላ ሊኖር ይችላልና በባትሪ አንዴ ድገምልኝ።