ስለ አዮን ቻናልና ሪሴፕተር የጠየቃችሁኝ

ሥራዬ የነርቭ ሴሎችን ኤሌክትሪክ መለካት ነው። በአንዲት አዮን ቻናል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ለክተው በ1991 ኖቤል ስለተሸለሙት ስለ ኤርቪን ኔሄርና ቤርት ዛክማን ምርምር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ መጣልኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሪሴፕተርና አዮን ቻናል አንድ ናቸው?

መልስ፦ አንዳንዴ። ቻናል በሴል ሽፋን ላይ የተተከለ የፕሮቲን በር ነው፤ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም ያሳልፋል። ሪሴፕተር የኬሚካል መልእክት ተቀባይ ነው። አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ ኬሚካል የሚቀበለው የጡንቻችን ሪሴፕተር ሁለቱንም ነው፤ መልእክቱ ሲደርሰው ራሱ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ በሮቹ መኖራቸው ቀድሞ አይታወቅም ነበር እንዴ? ኔሄርና ዛክማን ምን ጨመሩ?

መልስ፦ ይጠረጠር ነበር። ሆጅኪንና ሀክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1952 የስኩዊድን (የባሕር እንስሳ ነው) ወፍራም ነርቭ ለክተው የሶዲየምና የፖታሲየምን ፍሰት በቀመር አስቀምጠዋል። የለኩት ግን የእልፍ አእላፍ በሮችን ድምር ነው። ከሩቅ ሆነሽ የገበያ ሁካታ ስትሰሚ የአንዷን ሻጭ ድምፅ አትለይም። በአንድ በር የሚያልፈው ጥቂት ፒኮአምፔር ብቻ ነው፤ አንድ ፒኮአምፔር የአምፔር ትሪሊዮንኛ ነው። የመሣሪያው የራሱ ጫጫታ ይውጠዋል።

ኔሄር የፊዚክስ ሰው፣ ዛክማን ሐኪም ነበሩ። ጀርመን ጎቲንገን ውስጥ ጫፉ እጅግ የቀጠነ የብርጭቆ ቱቦ (ፒፔት) በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ አስደገፉ። የመረጡት ነርቩ የተቆረጠ ጡንቻ ነው፤ ነርቩ ሲቆረጥ ሪሴፕተሮቹ በጡንቻው ገጽ ሁሉ ይሰራጫሉና። ይቺ ምርጫ ሁሌም ትደንቀኛለች። በ1976 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ነው፦ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚያሳየው መስመር በድንገት ይወርዳል፣ ለአፍታ ይቆያል፣ ይመለሳል። አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኖቤሉ ለምን እስከ 1991 ቆየ?

መልስ፦ የኮሚቴውን ሐሳብ ልናገር አልችልም፤ የዘዴውን ግን ልንገርህ። መጀመሪያ ላይ በብርጭቆውና በሽፋኑ መሀል ኤሌክትሪክ ያፈስ ነበር። በኋላ ኔሄር ንጹሕ ፒፔት አስጠግቶ በቀስታ ሲስብ፣ ሽፋኑ ከብርጭቆው ጋር ግጥም አለ። ማፍሰሱ ቀረ፣ ጫጫታው ወረደ። በ1981 አሠራሩን ዘርዝረው አሳተሙ፤ በየአገሩ ያሉ ላብራቶሪዎችም ተቀበሉት።

ጥያቄ፦ ዛክማን ከዚያ ምን ሠራ?

መልስ፦ ከጃፓኑ ሾሳኩ ኑማ ቡድን ጋር የሪሴፕተሩን ክፍሎች አንድ በአንድ እየቀያየሩ አጠኑ። የጽንስና የአዋቂ ጡንቻ በሮች የሚለያዩት በአንድ ክፍል መቀየር እንደሆነ አሳዩ። በኋላ ሃይደልበርግ ሄዶ ወደ አንጎል ሴሎች አዘነበለ።

ጥያቄ፦ ለእኛ አገር ሰው ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ጥርስ ሲነቀል የሚወጉን ሊዶካይን የሶዲየም ቻናል ይዘጋል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ለወንዝ ዳር ዓይነ ሥውርነት የሚታደለው መድኃኒት ሜክቲዛን ደግሞ በሽታውን የምታመጣውን ትል እጭ ሽባ የሚያደርገው የክሎራይድ ቻናሏን ከፍቶ ነው። እኛ ያ ቻናል የለንም።

ጥያቄ፦ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ወደዚህ ሙያ ለመግባት ምን ላጥና?

መልስ፦ ፊዚክስ፣ እህቴ። የኤሌክትሪክን የኦም ሕግ ጥርት አድርገሽ እወቂ፣ ሽቦ መበየድም ተለማመጂ። ከዚያ ትዕግሥት። ፒፔቱ ሲነካው የሴሉ ገጽ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ከፒፔቱ ጋር የተያያዘውን ቱቦ በአፍሽ ይዘሽ በቀስታ ትስቢያለሽ። ብዙ ጊዜ ሴሉ ይቀደዳል። እኔ የመጀመሪያው የተሳካልኝ በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረው መስመር ጸጥ አለ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ፣ ከዚያ አንዲት በር ተከፈተች።