ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሞክ

ልጆች፣ ጃቫ ላይ ዩኒት ቴስት (አንዲት የኮድ ክፍልን ለብቻዋ የሚፈትሽ ኮድ) ስትጽፉ ይሄ መግጠሙ አይቀርም። የደንበኛ ሂሳብ የሚያሰላ ክላስ አለ እንበል። ድምሩን፣ ታክሱን፣ ቅናሹን ይሠራል። መሃሉ ላይ ግን የዶላር ምንዛሪ ከኢንተርኔት የሚያመጣ ሜተድ ተሰንቅሯል። ስሌቱን መፈተሽ ትፈልጋላችሁ፣ ኢንተርኔቱን ግን አትፈልጉም። ሞኪቶ፣ ለቴስት ሞክ (የውሸት ኦብጀክት) የሚሠራው የጃቫ ላይብረሪ፣ ለዚህ ስፓይ የሚባል ነገር አለው። ኦብጀክቱ እንደወትሮው ይሠራል፣ እናንተ የመረጣችሁት ሜተድ ብቻ ያዘዛችሁትን ይመልሳል።

ስፓይ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ጠባዩን ግን እወቁ።

ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ዌን እና ዜንሪተርን ነው፤ «ይህ ሜተድ ሲጠራ ይህን መልስ» ብለን የምናዝበት። ዌን ቅንፍ ውስጥ ያስገባችሁት ሜተድ መጀመሪያ በእውን ይጠራል። ጃቫ ነዋ! ቅንፍ ውስጥ ያለውን ሳይጨርስ ወደ ውጭ አይወጣም። በባዶ ሊስት ስፓይ ላይ ጌት ዜሮን (የመጀመሪያውን አባል የሚያመጣውን) እንዲህ ለመተካት ብትሞክሩ ኢንዴክስ አውት ኦፍ ባውንድስ የሚባል ስህተት ይፈነዳባችኋል። ከሁሉ የከፋው ግን ምንም ሳይፈነዳ ሲቀር ነው። የምንዛሪው ሜተድ ዝም ብሎ ኔትወርክ ይነካል፣ ቴስቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ዋይፋይ የጠፋ ቀን ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ስፓይ ላይ ዱሪተርንን (ምን እንደሚመለስ የሚያዘውን) አስቀድሙ፣ ስፓዩን ዌን ውስጥ አስገቡ፣ ሜተዱን በመጨረሻ ጥሩ።

ደግሞ ስፓይ የሰጣችሁትን ኦብጀክት ኮፒ ያደርጋል። ዋናውን በኋላ ብትለውጡት ስፓዩ አያውቅም። ከተራ ሞክ ተነስታችሁ አንዱን ሜተድ ብቻ እውነተኛ ማድረግም ይቻላል፤ ግን ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱን ሲፈጠር የሚያሰናዳው ኮድ) ስላልሮጠ ፊልዶቹ ባዶ ናቸው፣ ነል ፖይንተር የሚባለው ስህተት ይጠብቃችኋል። ፋይናል ሜተድ (ንዑስ ክላስ ሊለውጠው የማይችለው) ድሮ ራስ ምታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ሞኪቶ 5 ወዲህ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ይሠራል። ፕራይቬት ሜተድን (ከክላሱ ውጭ የማይጠራውን) ግን ሞኪቶ ዛሬም አይነካም፣ ባይነካም ደግ አደረገ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስፓይ ሲያምራችሁ ብዙ ጊዜ ክላሱ ሁለት ሥራ ይዟል ማለት ነው። ማስላትና ማምጣት ለየብቻ ናቸው። ምንዛሪ አምጪውን አውጡና ኢንተርፌስ (ምን እንደሚሠራ ብቻ የሚናገር ውል) አድርጉት፣ በኮንስትራክተር አስገቡት። ከዚያ ቴስቱ ውስጥ ቋሚ ቁጥር የምትመልስ አንዲት ላምዳ (ስም የሌላት አጭር ፈንክሽን) ትበቃለች፤ ሞኪቶም ላያስፈልግ ይችላል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «አሁን ስንት ሰዓት ነው» የሚለውን ሜተድ በስፓይ ከመተካት የጃቫን ክሎክ አስገቡ፣ ቴስት ላይ ክሎክ ፊክስድን (የቆመ ሰዓት) ስጡት።

ሰው የሚፈራው የቆየ ኮድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያለ ቴስት መነካካት አደጋ አለው፣ ሳይነካኩት ደግሞ ቴስት አይጻፍለትም። እዚያ ስፓይ አድርጉ፣ ቴስቱን ጻፉ፣ ከዚያ ክላሱን ከፋፍሉ፣ ስፓዩን አጥፉ። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል።

ኮድ ሪቪው ላይ (የባልደረባን ኮድ ስገመግም) ስፓይ ሳይ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ክላሱን መለወጥ ትችላለህ? «የሌላ ሰው ላይብረሪ ነው» ካለኝ አልፋለሁ። «ጊዜ የለኝም» ካለኝ ግን ወንበር ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ።